ለሕያው ሰው የተቀመጥኩት ዒዳ

ባሌ የሞተው ኅዳር ላይ ነው። የደወለልኝ ሰኔ ላይ።

ቀልድ የያዝኩ የሚመስለው አይጠፋም። ወላሂ ቀልድ አይደለም። መርሳ፣ አስፋልቱ ዳር ባለችው ጁስ ቤቴ ውስጥ ቆሜ ማንጎ እየላጥኩ ነበር። መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል። ጀነሬተሩ አልነሳም ብሎ ታናሽ እህቴ ኢሕሳን ገመዱን እየጎተተች የሠሪውን ዘር ማንዘር ትራገማለች። ቀኑ ደግሞ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። ከሰዓት፣ ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ሊያገባኝ የጠየቀው የዓሪፍ ሽማግሌዎች ከወልድያ መጥተው የመጨረሻውን መልስ ይቀበላሉ። አባቴ እሺ ሊል ነው፤ እኔም በሙሉ ልቤ እሺ ብያለሁ። ሂናዬን ሠርቼ፣ ጠጉሬን ተሠርቼ፣ ሰዓቱ አልገፋ ብሎኝ ነው ማንጎ የያዝኩት።

ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው የውጭ አገር ቁጥር ነው። ቤሩት ያሉት ጓደኞቼ እንኳን ደስ አለሽ ሊሉኝ መስሎኝ ማንጎ በነካ እጄ አነሳሁት።

«ሩቀያ» አለኝ አንድ ወንድ።

አገሬው ሩቂያ ነው የሚለኝ። ሩቀያ ብሎ፣ ያውም መጨረሻዋን ጎተት አድርጎ የሚጠራኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ አፈር ለብሷል ተብዬ አልቅሼለት ጨርሻለሁ።

«ማን ነህ አንተ ባለጌ? በሙት ትቀልዳለህ?» አልኩት በዐረብኛ።

«እኔ ነኝ። ነዲም ነኝ። እባክሽ አትጩሂ።»

«ነዲም ሞቷል!»

«አልሞትኩም። ሞተ የተባለው እንዳይፈልጉኝ ነው። እናቴም ለቅሶ የተቀመጠችው አውቃ ነው። ላንቺ ያልነገርንሽ ስልክ ይጠለፋል ብለን ነው። ሩቀያ፣ ልታገቢ ነው አሉኝ። አንቺ እኮ ሚስቴ ነሽ። እኔ በሕይወት እያለሁ እንዴት...»

ተቆረጠ። መልሼ ደወልኩ፤ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ፤ ኔትወርኩ ጭራሽ ጠፋ። ስልኩን ረገምኩት፣ መብራቱን ረገምኩት፣ ኢሕሳን ምን ሆንሽ ብላ ስትጠይቀኝ እሷንም ልረግማት ምንም አልቀረኝ። ደስ ብሎኝ ይሁን ተናድጄ እኔም አላውቅም። ብቻ የማንጎው ሣጥን ላይ ዘጭ አልኩ።

ነዲም ማን ነው ላላችሁኝ፣ ፍልስጤማዊ ነው። ፍልስጤምን ግን አይቷት አያውቅም። አያቶቹ ተሰደው ሶርያ ገቡ፤ እሱ የተወለደው አሌፖ ከተማ ጫፍ ላይ ባለ የስደተኞች ካምፕ ነው። ካምፕ ስላችሁ ድንኳን እንዳይመስላችሁ፤ ቤት በቤት ላይ የተደራረበበት ጠባብ ሰፈር ነው። እኔ አሌፖ ሰው ቤት ስሠራ የእመቤቴን ቧንቧ ሊጠግን መጣ። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ሳምንቱን ሙሉ አመላለሰው። እመቤቴ «ይሄ ልጅ ቧንቧዬን ነው የሚያየው ሠራተኛዬን?» ብላ ሳቀች። ኒካሁን አባቴ ከመርሳ በስልክ ፈቅዶ የካምፑ ሼህ አሰሩልን። አባቴ ያኔ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ «ልጄን ጦሟን እንዳያሳድራት በሉት!» ብሎ መጮሁን እናቴ ዛሬም እያነሳች ትስቃለች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጦርነቱ የሶርያዎች የእርስ በርስ ነበር። ካምፑን አማፂዎቹ ከበቡት፣ ዳቦ ጠፋ፣ የነዲም ታላቅ ወንድም ለሥራ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ያኔ የካምፑ ልጆች ሚሊሻ አቋቋሙ። መንግሥት መሣሪያና ደሞዝ ሰጣቸው፣ እነሱም ከጎኑ ቆመው ይዋጉለት ጀመር። አንድ ማታ ነዲም የቧንቧ መፍቻውን የሆነ ቦታ ጥሎ ክላሽ ይዞ ገባ።

«የማን ጦርነት ነው ይሄ?» አልኩት። «አንተ እዚህ አገር ዜጋ እንኳ አይደለህም። ፓስፖርት ከልክለውህ ሙትልን ሲሉህ እሺ ትላለህ?»

«ለመንግሥት አይደለም። ለሰፈሬ ነው።»

«ሰፈርህን ጠብቅ፣ ማን ከለከለህ! ነገ ሌላ ከተማ ሂድ ሲሉህስ?»

እንዳልኩት ሆነ። ሌላ ከተማ ላኩት። ከዚያም ሌላ። እኔን «ትንሽ ጊዜ ነው፣ ሲረጋጋ አስመጣሻለሁ» ብሎ በቤሩት በኩል አሳፈረኝ። ያቺ ትንሽ ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነች። በየዓመቱ «ከሚሊሻው አይለቁኝም» ይላል፣ በየዓመቱ «ዘንድሮ ያልቃል» ይላል። በዚህ መሃል እኛም አገር ጦርነት መጣ፣ ስልክ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ። የሁለት አገር ጦርነት እስኪያልቅ ስጠብቅ ሽበት አበቀልኩ።

ኅዳር ላይ የነሱ መንግሥት በቀናት ውስጥ ፈረሰ፤ አማፂዎቹ ገቡ። ራና፣ የነዲም እህት፣ እያለቀሰች የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ወንድሜ ሸሂድ ሆነ» አለች፤ ተሰዋ ማለቷ ነው። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን ብዬ ዒዳ ተቀመጥኩ። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ኩል አትኳልም፣ ሂና አትሠራም፣ ሽቶ አትቀባም፣ ሲመሽ ከቤቷ አትወጣም። እኔ አንዷንም አላጎደልኩ። ቀን ለእንጀራዬ ጁስ ቤቴ እውላለሁ፣ ከመግሪብ በፊት ቤቴ እገባለሁ።

ዓሪፍን ድሮም አውቀዋለሁ። የኛው የሀብሩ ወረዳ የመስኖ ባለሙያ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ አቮካዶ ጁስ ሳይጠጣ አይውልም። በዒዳዬ ጊዜ ግን ጠባዩ ተለወጠብኝ። ትእዛዙን ለኢሕሳን ይነግርና ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ አስፋልቱን እያየ ጠጥቶ ይሄዳል። ደህና ዋይ እንኳ የለም። በጣም ከፋኝ። የተማረ ነው፣ የወልድያ ነጋዴ ልጅ ነው፣ በዕድሜም ያንሰኛል፤ የአረብ አገር ተመላሿን ንቋት ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን በንዴት ስኳር ሳልጨምር ሰጠሁት። ጭጭ ብሎ ጠጣው።

ዒዳዬ ባለቀ ማግስት ተኩዬ ወጣሁ። ዓሪፍ ገባ፣ አየኝ፣ ፊቱ ቀላ።

«አሰላሙ ዓለይኩም ሩቂያ። ጨረስሽ አይደል?» አለኝ። «ከእንግዲህ ቀና ብዬ ባይሽ ወንጀል የለውም?»

ያን ሁሉ ጊዜ ጀርባውን የሰጠኝ ለዒዳዬ ብሎ ኖሯል! ስኳሩ ትዝ አለኝና በእፍረት መሬት ልገባ ደረስኩ። እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። እናቱ «ለልጄ ፈት አላመጣም» ብላ ስትሟገተው «ፈት አይደለችም፣ ባሏ ሞቶባት ነው» ብሎ ተከራክሮ ነው ሽማግሌ ያስላከው። እንግዲህ ይሄን ሁሉ የሚያውቀው አላህ፣ ነዲምን በዚያች ቀን አስደወለብኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ ዓሪፍ መጣ። ያን ቀን እዚያ መታየት አልነበረበትም፣ ግን አላስቻለውም። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ የዋጋ ወረቀቱ አንገትጌው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ሙሽራ ዛሬም ማንጎ ትልጣለች?»

«ዓሪፍ፣ ነዲም ደወለ።»

«የቱ ነዲም?»

«የኔ ነዲም።»

ከአፌ ከወጣች በኋላ ነው «የኔ» ማለቴን የሰማሁት። እሱም ሰማ። ሳቁ እዚያው ፊቱ ላይ ደረቀ። ሁሉንም ነገርኩት፤ አለመሞቱን፣ ለቅሶው የውሸት እንደነበር፣ አንቺ ሚስቴ ነሽ ማለቱን። እየነገርኩት አንድ ነገር እንዲለኝ፣ እንዲቆጣ፣ ቢያንስ ብርጭቆ እንዲሰብርልኝ ጓጓሁ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «ሰው ከሞት ሲተርፍ አልሐምዱሊላህ ነው የሚባለው።»

«እንዲህ አትሁንብኝ፣ አቦ!»

«እንዴት ልሁን? በሰው ሚስት ላይ ሽማግሌ ልኬያለሁ እኮ። እሱን እንደምትመርጪ ደግሞ...»

«መቼ መረጥኩ? ጠይቀኸኛል?»

«ፊትሽን አላየሽውም ሩቂያ። እኔ አይቼዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹን ልመልሳቸው ብሎ ስልኩን አወጣ። ኔትወርክ የለም። ሲሪንቃ ላይ መንገድ ተዘግቷል ይላል አንዱ፣ ተከፍቷል ይላል ሌላው። በባጃጅ ወደ ወልድያ መስመር ወጣ። እስኪርቅ ድረስ እየዞረ ያየኛል። እኔ ደግሞ ያን አስተያየት አልቻልኩትምና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አጣቸው። እሱ በአስፋልቱ ሲፈልጋቸው እነሱ መንገድ ተዘግቶባቸው ከመኪና ወርደው፣ በመስኖ ማሳው መሃል አቆራርጠው ቤታችን ደጃፍ ከች አሉ። ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ከፊት ሼህ ዑስማን፣ የዓሪፍ አጎት፣ በዘንጋቸው ተደግፈው ቆመዋል።

«ግቡ እንጂ፣ አረፍ በሉ» አለ አባቴ።

«መልሳችንን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ ሼህ ዑስማን። ደንቡ ነው። የሽማግሌ ወጉ ቆሞ መጠየቅ ነው፣ የቤቱ ባለቤትም ያውቃል። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እሺ ሊል ነው። እኔ ከጓዳ ወጣሁ። እናቴ ከድጃ በሻርፔ ጫፍ ብትጎትተኝ ሻርፔን ልተውላት ምንም አልቀረኝ።

«ሼሃችን፣ ይቅር በሉኝ። ባሌ አልሞተም። ዛሬ ጠዋት ደወለልኝ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«የትኛው ባልሽ?» አለ አባቴ። «ያ ዒዳ የተቀመጥሽለት?»

«አዎ።»

«ሱብሐነላህ! ለሕያው ሰው?»

እናቴ ደረቷን መታች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቅ አምልጦት ሳል አስመሰለው። ነገ መርሳ ገበያ ላይ ምን እየተባልኩ እንደምውል ወለል ብሎ ታየኝ።

ሼህ ዑስማን አልሳቁም። «ልጄ፣ ባል ያላት ሴት አትታጭም። እኛም ከዚህ ወዲያ ከዚህ ቤት አንዲት ቃል መጠየቅ አንችልም። ወይ ባልሽ ጋ ትኖሪያለሽ፣ ወይ ይፍታሽ። ስልክ ያነሳል ሰውየው?»

በሰፈራችን ኔትወርክ የሚገኘው ጎረቤታችን ጀምረው በተዉት ፎቅ ጣሪያ ላይ ብቻ ነው። በባሕር ዛፍ መሰላል ወጣን፤ እኔ፣ አባቴ፣ ሼህ ዑስማን። ሼሁ በየእርከኑ «ቢስሚላህ» እያሉ ሲወጡ ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ከላይ ሆኜ ሳይ ዓሪፍ ከባጃጅ ወርዶ እታች ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀላቀለ።

ነዲም ወዲያው አነሳ።

«አባቴና ሼሃችን ከጎኔ ናቸው» አልኩት። «ፍታኝ።»

«አልፈታሽም።»

«ነዲም!»

«ምን ቀረኝ ሩቀያ? የተዋጋሁለት መንግሥት በአንድ ሌሊት ጥሎኝ ሄደ። ዘብ ስቆምለት ያጨበጨበልኝ ሰፈር ዛሬ ስሜን መጥራት ይፈራል። እናቴ በየሳምንቱ ሰው እንዲያያት መቃብር ትሄዳለች፤ ባዶ መቃብር። በዚህ ምድር ላይ አለ የምትይኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺም ከተውሽኝ መኖሬን በምን ላውቅ?»

ተናድጄ ነበር የደወልኩት። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። እንዲህ ብሎ ሲያወራ ያ የቧንቧ መፍቻ ይዞ በር ላይ የቆመው ልጅ ነው፤ ሌላ ማንም አይደለም። ወደድኩት። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ቀብሬው፣ ዒዳውን ጨርሼ፣ እንደገና ወደድኩት። በራሴ በጣም ተቃጠልኩ።

«እሺ» አልኩት። «እንግዲያው ነይ በለኝ።»

«ምን?»

«ነይ በለኝ! የት ልምጣ? ካምፑ ልምጣ? ያለህበት ድንበር ልምጣ? አገሩን ብቻ ንገረኝ። ነገ ልብሴን ሸክፌ እነሳለሁ። አባቴንም ትቼ፣ ሽማግሌ የላከውንም ሰው ትቼ እመጣለሁ። ነይ በለኝ!»

አባቴ ዐረብኛ አያውቅም፤ ድምፄን ሰምቶ ብቻ ክንዴን ያዘኝ። ሼህ ዑስማን ያውቃሉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ነዲም ነይ አላለኝም።

«በየትኛውም ዓመት ነይ ብትለኝ እመጣ ነበር። በጥይት መሃል እመጣ ነበር። አንድ ቀን ብለኸኝ አታውቅም! ጠብቂ፣ ጠብቂ፣ ጠብቂ ብቻ! አለቆችህ አንተን ጠብቅ ይሉሃል፣ አንተ እኔን ጠብቂ ትለኛለህ። እነሱ ሸሹ፣ አንተ ሞትክ ተባለ፣ እኔስ? እኔ የት ልግባ? ሞትህን እንኳ አላማከርከኝም እኮ ነዲም!»

«ቦታ የለኝም» አለ በመጨረሻ። ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም ነበር። «ነይ የምልሽ ቦታ የለኝም። እኔም የተኛሁበት የሰው ነው።»

«እንግዲያው ሌላኛዋን ቃል በላት።»

ከዚያ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። ሊናገር ሲጀምር ስልኩ ተቋረጠ። ያረብ! አሁን? እዚህ ላይ? መልሼ ደወልኩ። አይሠራም። ደወልኩ። አይሠራም። ጣሪያው ጫፍ ድረስ ሄጄ እጄን ወደ ሰማይ ሰቅዬ ስደውል አባቴ እንዳልወድቅ በቀሚሴ ያዘኝ። ጠራ።

«ፈትቼሻለሁ ሩቀያ» አለ።

ሼህ ዑስማን ስልኩን ተቀብለው ጥርት ባለ የኪታብ ዐረብኛ ደግመው አስረገጡት። ሲመልሱልኝ ገና መስመሩ ላይ ነበር።

«ዒዳሽ እስኪያልቅ ሐሳቤን አልቀይርም ብዬ ግን አልምልልሽም» አለኝና ዘጋ።

ሼሁ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ አሉ። «አንድ ፍች ነው፣ ልጄ። ወር አበባሽን ሦስት ጊዜ አይተሽ እስክትጠሪ ዒዳ ላይ ነሽ። እስከዚያ መለስኳት ካለ ሚስቱ ነሽ፤ ያንቺ ፈቃድ አይጠየቅም። እስከዚያም ማንም ለትዳር አያነጋግርሽም። የኛም ልጅ ቢሆን።»

«የተቀመጥኩትስ ዒዳ?»

«እሱ የሞት ዒዳ ነው። ሰውየው አልሞተም። አይቆጠርም።»

አይቆጠርም! በኩል ያልነካኋቸው ዓይኖቼ፣ በጊዜ የገባሁባቸው ምሽቶች፣ ሌሊት ሌሊት ለነፍሱ ያደረግኩት ዱዓ ሁሉ አይቆጠርም። እንደ አዲስ ልጀምር ነው። ሼህ ላይ አይጮህም፤ ባይሆኑ ኖሮ መርሳ ሙሉ እስኪሰማኝ እጮህ ነበር።

ቀድሜያቸው ወረድኩ። ዓሪፍ ብቻውን ፎቁ ሥር ቆሟል። ሽማግሌዎቹ ከቧንቧው ሥር እግራቸውን ይታጠባሉ። የዋጋው ወረቀት አሁንም አንገትጌው ላይ ነው፤ ማንም አልነገረውም።

«ፈታኝ» አልኩት። «ግን ሌላ ዒዳ አለብኝ። እስኪያልቅ ሊመልሰኝ ይችላል።»

«ሰማሁ። እየጮህሽ ነበር፣ ሁሉንም ሰማሁ። ዐረብኛ እኮ ከልጅነቴ ኪታብ ቤት ተምሬያለሁ።» ቀና ብሎ አላየኝም። «ሽማግሌ የላከውንም ትቼ እመጣለሁ ያልሽውንም።»

ምን ይባላል? ውሸቴን ነው አልል ነገር ውሸቴን አልነበረም። እንባዬ ወረደ፤ ለማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«እጠብቅሻለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ።

እሱን ነው መስማት ያልነበረብኝ። ያን ቃል ከማንም አፍ መስማት አልችልም።

«አትጠብቀኝ!» ብዬ ጮህኩበት። «መጠበቅ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ቀልብ ይወጣል። ሰው ሠርግ ላይ ቁጭ ብለህ በር በር ታያለህ። አንተ ላይ እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም። ሂድ! እናትህ የመረጠችልህን አግባ፣ ውለድ፣ እኔን ተወኝ!»

ዓሪፍ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ተቆጥቶ አይቼው የማላውቀው ሰው ተቆጣ።

«የሶርያው መንግሥት ለነዲም ወሰነለት። ነዲም ላንቺ ወሰነልሽ። አሁን ደግሞ አንቺ ለኔ ልትወስኝልኝ ነው?» አለኝ። «ትቼው እመጣለሁ ስትይ ቻልኩት። ባልሽ ነው፣ የዕድሜሽን ግማሽ ሰጥተሽዋል ብዬ ቻልኩት። ይሄን ግን አልችለውም። የምጠብቀውንም የምተወውንም የማውቀው እኔ ነኝ። ማንም ሳይጠይቅሽ ሲወስንብሽ ያመመሽ ሴት፣ ሳትጠይቂኝ ሂድ ትይኛለሽ?»

መልሴን አልጠበቀም። ወደ አስፋልቱ ሄደ። ባጃጁን አልፎ በእግሩ ሄደ፣ በረጅሙ እየተራመደ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ሳይል።

ጠዋት የነዲምን ድምፅ ስሰማ የትኛውን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር። ጣሪያው ላይም አላውቅም ነበር። ያን ጀርባ ሳይ አወቅኩ። ዓሪፍን እወደዋለሁ። ስላዘነልኝ አይደለም፣ ስለታገሠኝም አይደለም፤ እንደ ሰው ስለተቆጣኝ ነው። ይሄን የማልነግረው ደግሞ ለሱ ብቻ ነው። ለኢሕሳን እችላለሁ፣ ለእናቴ እችላለሁ፤ ለሱ ግን በዒዳ ላይ ነኝና አንዲት ቃል ክልክል ናት።

ስሙን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ሼህ ዑስማን ከመሰላሉ ወርደው ከጀርባዬ ቆመዋል። ዓሪፍ ወደ ወልድያ በሚወስደው መታጠፊያ ሊሰወር ትንሽ ቀርቶታል፤ ብጠራው ይሰማኛል።

አፌን ዘጋሁት።